የኮሪደሩ ጠረጴዛ

ድምፁ የመጣው በማሞቂያው ቱቦ ነው። ማሞቂያው ምድር ቤት ተቀምጦ ሙቀቱን በቆርቆሮ ቱቦ ወደየክፍሉ ይልካል፤ ቱቦው ደግሞ በምላሹ የቤተሰቡን ወሬ ወደ ታች ያወርዳል። ዳሪል ስታድኒክ ሚስቱ ለእህቷ ስለ እሱ የምትናገረውን ሁሉ የሰማው በዚሁ መንገድ ነው፤ አዲስ ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት የወረደው ድምፅ የልጁ የላሪሳ ነበር። ከአለቃዋ ጋር በስልክ ታወራለች። «አይ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም» ትላለች። «ችግሩ እኔ ነኝ። እጄ ገና አልፈጠነም… አውቃለሁ ፓትሪስ፣ ባለፈውም እንደዚሁ ብዬሃለሁ… ስድስቱንም ምስሎች እስከ ማታ አንድ ሰዓት ታገኛቸዋለህ። ካላገኘሃቸው ሰኞ ሌላ ሰው ትፈልጋለህ፣ ገብቶኛል።» ከዚያ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ቱቦው ሙቀቱን ብቻ ማመላለስ ጀመረ።

ዳሪል በዚያች ሰዓት ባቡር እየነዳ ነበር። የእውነት ባቡር አይደለም፤ እሱ ከስልክ ድርጅት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፣ ባቡሩ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ስክሪኑ ላይ ጥድ ለጥድ በረዶ ይወርዳል፣ ሃዲዱ ያብለጨልጫል፣ ተራራው በመስኮቱ በኩል ቀስ ብሎ ያልፋል፣ አንዲት ቅንጣት እንኳ ሳትንቀጠቀጥ። ባቡሩን በሁለት ጣቢያዎች መሃል አቆመው። ከኋላው ተሳፋሪዎች እንዳሉ ጨዋታው በጽሑፍ አስታወሰው። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

የላሪሳ ኮምፒውተርና የእሱ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ምስል የሚያወጣው ክፍል፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱንም ስቶኒ ክሪክ ከሚኖር አንድ ሰው አሮጌ እቃ ሲሸጥ በመቶ አርባ ዶላር አንድ ላይ ገዝቷቸው፣ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለእሷ አደረገው። ልዩነቱ ድራይቨሩ ላይ ነው። ድራይቨር ማለት ካርዱና የቀረው ኮምፒውተር እንዲግባቡ መሃል የሚቆም ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ለሚጠቀም ሰው ሁለት ዓይነት አለለት። አንደኛውን የካርዱ ኩባንያ ራሱ ይሠራዋል፤ ፈጣን ነው፣ ግን ዝግ ነው፣ ውስጡን ማንም እንዲያየው አይፈቀድም። ሁለተኛውን በጎ ፈቃደኞች ሠርተውታል፤ ክፍት ነው፣ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ሆኖም ኩባንያው የካርዱን ሚስጥር ስለማይነግራቸው፣ በእንዲህ ያለ አሮጌ ካርድ ላይ ክፍቱን መጠቀም ጭነት መኪና በአንደኛ ማርሽ ከሃሚልተን ቶሮንቶ እንደመንዳት ነው። ዳሪል ለሃያ ዓመት ያህል ስለ ክፍቱ ሰብኳል። ዝጉን የሚጭን ሰው የገዛ ቤቱን ቁልፍ ለማያውቀው ሰው የሰጠ ነው ይል ነበር፤ በስብሰባ፣ በሠርግ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በቀብር ላይ። ከገና ወዲህ ግን ምድር ቤት ያለው የራሱ ኮምፒውተር የሚሠራው በዝጉ ነው። ሲጭነው ለሙከራ ነው ብሎ ነበር። ከእሱ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ሙከራው አበቃ የሚለው ሰውም አልነበረም።

ላሪሳ በመከር ወራት ቡርሊንግተን አብሯት ይኖር ከነበረው ሰው ተለያይታ በሁለት ሻንጣና በአንድ ኮምፒውተር ወደ ወላጆቿ ቤት ተመልሳ፣ በልጅነቷ የነበረችበት ክፍል ገባች። ሥራዋ ገና ያልተሠራ ወጥ ቤት መሳል ነው። ካቢኔ የሚሸጥ አንድ ድርጅት የቤቱን ልክ ይልክላታል፤ እሷ ቁም ሳጥኑን፣ እብነ በረዱን፣ በመስኮት የሚገባውን ብርሃን ሁሉ አሰናድታ፣ ደንበኛው ቤቱ ተሠርቶ ያየ እስኪመስለው ድረስ ምስል ታወጣለች። ሥዕሉ የእሷ ሥራ ነው፤ ምስሉን ማውጣት የካርዱ ነው። በክፍቱ ድራይቨር ግን የመሳያ ፕሮግራሟ ካርዱን ጭራሽ አያየውም፤ አንድ ወጥ ቤት አንድ ሌሊት ይፈጃል። ኮምፒውተሯን ያዘጋጀላት ዳሪል ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ያንቺ ነው ብሏታል። ዝጉን ለመጫን እንዳትፈተንም አንዲት አጭር እገዳ አስገብቶበታል። አንድ ቀን ከኢንተርኔት እያየች ራሷ ልትጭነው ሞከረች፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ደንግጣ ጠራችው። ወጥቶ መለሰላት፤ ሲጨርስም «አየሽ?» አላት። ስለ እገዳው ግን አልነገራትም።

ሊነግራት ይችል ነበር፤ ያን ዕለትም፣ ከዚያ በኋላም። አሁንም ደረጃውን ወጥቶ በሯን ቢያንኳኳ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ይልቅ ሌላ ነገር አሰበ። ያሰበው ነገር ጥሩ መስሎ ስለታየው ቀለል አለው። ለአሮጌው ካርድ የሚሆነውን የድሮውን ዝግ ድራይቨር ከነተጓዳኞቹ ፍላሽ ላይ ገለበጠ። ከሊኑክስ ማኅበሩ ስብሰባ እንደተመለሰ፣ ላሪሳ ገላዋን ስትታጠብ ወይም እራት ስትበላ ሾልኮ ገብቶ ይጭንላታል። ከዚያ የክፍቱ ድራይቨር አዲስ ስሪት ወጥቷል፣ በጣም ተሻሽሏል፣ በጎ ፈቃደኞቹ ቀን ከሌት ሠርተውበታል ይላታል። ሥራዋም ይፈጥናል፣ ክፍቱም ይከበራል፣ እሱም ዳሪል እንደሆነ ይኖራል። ፍላሹን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ቁልፉን ቆለፈው።

ወጥ ቤት ሲገባ ሚስቱ ግሌንዳ የአረረ ቶስት በቢላ እየፋቀች ነበር። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሲከፈት የጓሮው በር አይከፈትም፣ የጓሮው በር ሲከፈት አንድ ሰው መቆም አለበት። ከመስኮቱ ውጭ የመጋቢት በረዶ ጨው በልቶት ጠቁሯል። ላሪሳ በስተግድግዳው ተቀምጣ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳር አልጨመረችበትም። ዓይኗ ስር ያበጠ ነው። ዳሪል እንቁላል ሰባት ዶላር ገባ አለ። ግሌንዳ ስድስት ከዘጠና ዘጠኝ ነው አለች። ያው ሰባት ነው አለ። ላሪሳ ማማሰሏን ቀጠለች።

«ስንት ሰዓት ትጨርሳላችሁ?» አለች ግሌንዳ።

«እንደ ሁልጊዜው። አስር ሰዓት።»

«እስከዚያ ከአዳራሹ አትወጣም?»

«የት እሄዳለሁ?»

ግሌንዳ ቶስቱን አስቀመጠችለት። እናትና ልጅ አልተያዩም፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች የማይተያዩትን ያህል ሳይሆን፣ ላለመተያየት የተስማሙ ሰዎች የማይተያዩትን ያህል። ዳሪል ይህን አላስተዋለም። በመኪናው ውስጥ ለማታ ላሪሳን የሚላትን እየተለማመደ ሄደ። «ምን እንደደረሰ ሰማሽ?» ብሎ መጀመር ጥሩ መሰለው። መብራት ላይ ሲቆም ደግሞ «ገርሞኛል» የሚል ጨመረበት።

የሊኑክስ ማኅበሩ በወር አንድ ቅዳሜ የሚሰበሰበው ባርተን ጎዳና ላይ ባለው የዩክሬን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ ነው። ፎቁ ላይ ሴቶች ለሽያጭ ፒሮጊ ይጠቀልላሉ፤ ድንች የተሞላ ሊጥ ነው፣ ደርዘኑ አሥራ አንድ ዶላር። በቅቤ የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ በደረጃው እየወረደ የማኅበርተኛው ሹራብ ውስጥ ይገባና እስከ ሰኞ አይወጣም። ሰው ያረጀ ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፤ እነሱ ሊኑክስ ይጭኑለታል፤ ክፍያ የለም፣ ምክር ግን አይቀርም። አንድ ሕግ አላቸው፤ ያወጣው ዳሪል ነው፣ እጅ ተነሥቶ ጸድቋል። አዳራሹ ውስጥ ክፍት የሆነ ነገር ብቻ ነው የሚጫነው። ዝግ ድራይቨር የሚፈልግ ሰው ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ካፖርት መስቀያው አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ጠረጴዛ ይሄዳል። እዚያ የሚያገለግለው ሰው እንደ ሰይጣን ሁለት ቀንድ ያለው ቀይ የሱፍ ኮፍያ ያደርጋል፤ ከፎቁ ሴቶች አንዷ ነች የሠራችው። ቀልድ ነው ይላል ዳሪል ለሁሉም። ሰዎችም ይስቃሉ። ግን ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ፊታቸው በሰው ቤት መጸዳጃ የት ነው ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ይሆናል።

ኮፍያውን የምታደርገው ኖሪን ፒንደር ናት። የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ቦታውን ሌላ ሰው ስላልፈለገው ወሰደችው። ቀንዱ አንዱ ተጣሟል። ማንንም አትሰብክም። ሰው ሲመጣ «ቁጭ በል» ትላለች፣ ሲጨርስ «ተነሥ» ትላለች።

ከምሳ በኋላ ማሪቪክ የምትባል ነርስ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ፣ ሳትተኛ ላፕቶፗን ይዛ ዳሪል ፊት ተቀመጠች። ከእናቷ ጋር በቪዲዮ ስታወራ ስክሪኑ እንደሚርገበገብ፣ የእናቷም ፊት እንደሚቆራረጥ ነገረችው።

«ክፍቱን እጭንልሻለሁ» አላት። «ትንሽ ይርገበገብ ይሆናል። ግን ኮምፒውተሩ ያንቺ ይሆናል።»

«አሁን የማን ነው?»

«ማለቴ፣ ውስጡን የሚደብቅሽ የለም። ልታዪው ከፈለግሽ ታዪዋለሽ።»

«ጋሼ፣ እኔ ውስጡን ባየውም አላውቀውም። የእናቴን ፊት ነው የማውቀው።»

ከጎኑ የተቀመጠው ኤልዉድ ሳቀ። ኤልዉድ ጆሮው ይከብደዋል፣ ስለዚህ የሚስቀው ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶና ከሁሉም አስበልጦ ነው። ዳሪል እጁን ዘርግቶ በሩን አሳያት። «በስተግራ፣ ካፖርቶቹ ጋ። ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት አለች። ቀልድ ነው።» ማሪቪክ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል ሰውነቷን እያሳነሰች ወጣች። እንደ ወጣች ዳሪል ሳያስበው የሸሚዙን ኪስ ነካ። ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ ኤልዉድ ከኮሪደሩ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። የእሱ ሹክሹክታ የሌላው ሰው ጩኸት ነው። «ኖሪን ናት የላከችኝ። ለአሮጌ ካርድ የሚሆነው የድሮው ዝግ ድራይቨር ያለው ሰው አለ? የቤተ ክርስቲያኑ ኢንተርኔት እስከ ፋሲካ አያወርደውም።»

አዳራሹ ሳቀ። አንዱ ከወዲያ ጥግ «ኤልዉድ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ነው የምትጠይቀው?» አለ። ሌላው «ጋሽ ዳሪልን ጠይቀዋ፣ እሱ ሳይኖረው አይቀርም» አለ። ይሄኛው ደግሞ የባሰ አሳቃቸው፤ አንዱ ጠረጴዛ መታ። ዳሪልም ሳቀ። ሳቁ ከሌሎቹ ሳቅ ጋር አብሮ እንዲያልቅ ጠንቅቆ ጠበቀና አቆመ።

«የማን ማሽን ነው?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ። ኮፍያዋን እስከ ዓይኗ ያወረደች ልጅ ናት። በልብስ ቅርጫት ነው ተሸክማ የመጣችው፣ ሰማያዊ፣ እጀታው የተሰበረ።»

ሰማያዊ፣ እጀታው የተሰበረ ቅርጫት በዳሪል ቤት ልብስ ማጠቢያው ላይ ነው የሚቀመጠው። ተነሣ። ውሃ ሊጠጣ የሚሄድ ሰው መስሎ ሄደ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን በተሰቀሉት ካፖርቶች ጀርባ ቆመ፤ ምክንያቱም የኖሪን ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ይቺን ማን ነው የጻፋት?» ትላለች ኖሪን ስክሪኑን በጣቷ እየነካች። «እገዳ ናት። ዝጉ ሲጫን እንዳይነሣ ተብሎ ነው የገባችው። እሷ እያለች ብትጭኚው ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል።»

«ሆኖ ነበር» አለች ላሪሳ። ጀርባዋ ለዳሪል ነው። «ያበላሸሁት እኔ አልነበርኩም እንዴ?»

«አንቺ ምንም አላበላሸሽም።»

ላሪሳ ኮፍያዋን ይበልጥ ወደ ዓይኗ አወረደች። ከፎቅ የሊጥ መዳመጫ ሲንከባለል ይሰማል። «አባቴ እዚያ ውስጥ ነው» አለች ከዚያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እማዬ ናት በጎን በር ያደረሰችኝ። እባክሽ እንዳይሰማ።»

«አይሰማም። ስለ ክፍት ነገር ሲያወራ ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም።»

ዳሪል ካፖርቶቹ ውስጥ ቆሟል። የአንዱ ሰው የሱፍ እጅጌ ጉንጩን ይነካዋል። ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ማንም አላየውም። ኖሪን ድራይቨሩን እስከ ማታ ታወርደዋለች፣ ወይ አታወርደውም፤ የላሪሳ ስድስት ወጥ ቤት ይደርሳል፣ ወይ አይደርስም። ፓትሪስ ሰኞ ሌላ ሰው ይፈልጋል፣ ላሪሳም እጇ ያልፈጠነ ልጅ ሆና ትቀራለች። የሸሚዙን ኪስ ፈታ። ወደ ጠረጴዛው ሲራመድ የሚናገረው ተዘጋጅቶለት ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይቸግረው ነው የሚመጣለት።

«ይሄን ፍላሽ አንድ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ ረስቶት ሄዷል» አለ። «የምትፈልጉት ነገር ሳይኖርበት አይቀርም።»

ላሪሳ ዞረች። ኮፍያዋን ከዓይኗ ከፍ አደረገች። የተያዘችው እሷ እንደሆነች ሁሉ ፊቷ ቀላ፤ ለዳሪል ከሁሉም የከበደው ይህ ነበር። «አባዬ፣ ልነግርህ ነበር» አለች። እሱ ፍላሹን ለኖሪን ዘረጋ። ኖሪን ተቀበለችው፤ ግን አልሰካችውም። በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ዋጋውን እንደማታውቀው እቃ አገላበጠችው።

«ማን ረሳው?»

«አላውቅም።»

«ተሞክሯል?»

«እንዴት አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አልጭነውም» አለች ኖሪን። ቀንዷ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። «የድሮ ድራይቨር ነው፤ ከዚህ ካርድ ጋር፣ ከዚህ የሊኑክስ ስሪት ጋር መግባባቱን ሳላውቅ አልነካውም። ጥቁር ሆኖ ቢቀር እሱን ስናስነሣ ይመሻል። ልጅቷ ያላት ጊዜ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ሂድና የረሳውን ሰው ፈልገህ ጠይቅልኝ። በዚህ ካርድ ላይ ሞክሮት ከሆነ ብቻ።»

ዳሪል የረሳውን ሰው እንደሚፈልግ ሁሉ ወደ አዳራሹ ዞር ብሎ አየ። በሩ ላይ ኤልዉድ ቆሟል፤ ከኤልዉድ ኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች ሻይ ይዘው ወጥተዋል። ማሪቪክ መስቀያው ስር ባለው አግዳሚ ላይ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተራዋን ትጠብቃለች። ሁሉም ዳሪልን ያያሉ፤ ሌላ የሚያዩት ነገር ስለሌለ ነው እንጂ ምንም አልጠረጠሩም።

«ይሠራል» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ሞክሬዋለሁ።» ወደ ላሪሳ ኮምፒውተር ጠቆመ። «ካርዱ ያው ነው። የሊኑክሱም ስሪት ያው ነው። ከገና ጀምሮ ምድር ቤት እየሠራ ነው፣ አንድ ቀንም አልጠቆረም።»

«ምን አለ?» አለ ኤልዉድ።

ኤልዉድ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ አንዱም ወደ ሌላውም አየ። ሻይ የያዙት ሰዎች ሻያቸው ውስጥ አዩ። ኖሪን ጠበቀች። ሌላ የሚናገርለት ሰው እንደሌለ ዳሪል ሲገባው፣ አዳራሹ ውስጥ ላለውም ሰው እንዲሰማ አድርጎ ደገመው።

«ዝጉ ድራይቨር የእኔ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው፣ አልኩ። ፍላሹም የእኔ ነው። እገዳውንም ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«አሃ» አለ ኤልዉድ። ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ዘግይቶ የሚስቅ ሰው ስለሆነ መለስ ብሎ ለማየት ጊዜ ነበረው። አፉን ዘጋው።

ኖሪን ፍላሹን ሰካች። የሚጫን ነገር ሲጫን እንደሚደረገው ሁሉም ስክሪን ላይ የሚወርዱትን መስመሮች አየ። እገዳዋ ተሰረዘች፤ አንዲት መስመር ነበረች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ላሪሳ ትንፋሿን ያዘች፤ ዳሪልም ያዘ። ከዚያ በራ።

ላሪሳ የመጀመሪያውን ሥዕል ከፈተችና ምስሉ እንዲወጣ አዘዘችው። ቤት ውስጥ ቢሆን ነገ ጠዋት የሚያልቀው ሥራ፣ ሰው ሻይ አፍልቶ እስኪጠጣ ባለው ጊዜ ከግራጫ ወደ ቀለም፣ ከቀለም ወደ ብርሃን ተለወጠ። ሰፊ ወጥ ቤት ነው። ረጅም የእብነ በረድ መደብ፣ ከመስኮት በአግድም የሚገባ የጠዋት ፀሐይ፣ መደቡ ላይ የተረሳ የሚመስል የሻይ ፎጣ፤ የፎጣው ጫፍ ትንሽ እርጥብ ነው። ማሪቪክ ከአግዳሚው ተነሥታ መጣችና «የማን ቤት ነው?» አለች። «የማንም አይደለም» አለች ላሪሳ፣ «ገና አልተሠራም።» ዳሪል ልጁ የጨረሰችው ሥራ ሲወጣ አይቶ አያውቅም። በሯን ሲያልፍ ያየው ሁልጊዜ ግማሹ የወጣ፣ አሸዋ የተነፋበት የሚመስል ምስልና በወንበሯ ላይ የተኛች ልጅ ነው። ፎጣው እርጥብ እንዲመስል ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባት ሊጠይቃት ፈለገ። የሚጠይቅበት ሰዓት እንዳልሆነ ገባው።

ሁለተኛውን ስትጀምር የስክሪኑ ብርሃን ብልጭ አለ። የግድግዳው ሶኬት ያረጀ ነው፤ የማራዘሚያው ራስ አይቆምበትም፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ይንሸራተታል። ዳሪል ቀድሞ አየውና ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በእጁ ወደ ግድግዳው ገፍቶ ያዘው። ኖሪን የምታስርበት ነገር ፈለገች፣ አላገኘችም።

«አሁን ባጠፋውና ቤት ወስደን…» አለ ከወለሉ።

«አላጠፋውም» አለች ላሪሳ። «እንደገና ካልተነሣስ።»

እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች ነበሩ። ከዚያ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል መናገር ጀመረች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ በጠዋቱ ለፓትሪስ ያወራችበት ድምፅ ነው። «ያን ቀን ስክሪኑ ሲጠቁር፣ አንተ መጥተህ ስትሠራልኝ፣ እንደ ልጅ አቅፌ ስሜሃለሁ። ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ጠዋት በማሞቂያው ቱቦ ሰምተኸኝ ይሆናል፤ ለፓትሪስ ችግሩ እኔ ነኝ ያልኩት አንተን ላለማስወቀስ አይደለም፣ አባዬ። ያዳንኩህ እንዳይመስልህ። የእውነት ነው የመሰለኝ። አራት ወር ሙሉ ዘገምተኛ ነኝ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከሰውዬው ጋርም የተለያየነው ለዚህ ይሆናል እል ነበር፣ ለሁሉም ነገር ስለምዘገይ።»

ዳሪል መልስ ፈለገ። ሃያ ዓመት ያለ ማስታወሻ የተናገረ ሰው ነው፤ ስለ ነፃነት፣ ስለ ባለቤትነት፣ ሰው የራሱን ማሽን ውስጥ ማየት ስለ መቻሉ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አላገኘም። «ይቅርታ» አለ፤ ቃሉ ግድግዳውን ነው ያገኘው፣ ፊቱ ወደዚያ ነበርና። ላሪሳ ሰምታ እንደሆነ አላወቀም። ሦስተኛውን ጀመረች።

አስር ሰዓት ሲሆን ሰዎቹ ኮምፒውተራቸውን እያቀፉ መውጣት ጀመሩ። ካፖርታቸው ከዳሪል ራስ በላይ የተሰቀለ ስለሆነ እያንዳንዱ በእሱ ላይ ጎንበስ ማለት፣ እግሩንም መሻገር ነበረበት። አንዳንዱ «ደህና ዋል» አለ። አንዳንዱ ጓንቱን እየፈለገ አለፈ። ቅድም ጠረጴዛ የመታው ሰውዬ ቆም ብሎ «የድሮው ስሪት ነው አልከኝ? ለእኔም ካርድ ይሆን ይሆን?» ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቀው፤ ዳሪል «ከኖሪን ጠይቅ» አለው። ኖሪን የማሪቪክንም ጨርሳላት ነበር፤ ስትወጣ በስልኳ ኢንተርኔት በተገናኘው ላፕቶፗ ላይ የእናቷ ፊት ነበር፤ ሴትየዋ ወዲያ ማዶ የሆነ ነገር ትበላለች፣ ስታኝክ እንኳ አይቆራረጥም። ማሪቪክ ዳሪልን ለማሳየት ዞር አላደረገችውም፤ ደረጃውን ወጣች።

ግሌንዳ ከፎቅ ወረደች፤ ከሰዓት በኋላውን ከሴቶቹ ጋር ሊጥ ስትጠቀልል ነበር፣ ክርኗ ድረስ ዱቄት ነው። ትኩስ ፒሮጊ በሰሐን ይዛለች። ባሏን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ግድግዳ ሲደግፍ አየችው። ልጇን አየች። ስክሪኑን አየች፤ እዚያም ላይ ቆየች። ሰሐኑን ላሪሳ አጠገብ አስቀመጠችና ሹካ ሰጠቻት።

«ጉልበትህ» አለች ከዚያ፣ ለዳሪል።

«ደህና ነው።»

እንዲነሣ አልነገረችውም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ከክርኗ ዱቄቱን በጥፍሯ ማንሣት ጀመረች። ኖሪን ኮፍያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው፤ ፀጉሯ ተጨፍልቋል። የአዳራሹ መብራት ጠፍቶ የኮሪደሩ ብቻ ቀረ። የዳሪል እጅ መደንዘዝ ጀምሯል፤ ሶኬቱን ሳያላላ ቀስ ብሎ በግራ እጁ ቀየረው።

«አራተኛው ወጣ» አለች ላሪሳ፣ ለማን እንደሆነ ሳትለይ።

«ሁለት ይቀራል» አለ ዳሪል ከታች።

የማራዘሚያውን ራስ ወደ ግድግዳው ጠበቅ አድርጎ ገፋው።